ባክአፕ ነበረን፤ ሪስቶር ግን ተሞክሮ አያውቅም ነበር

ይህን የምጽፈው የአንድ ድርጅት ዳታቤዝ በኃላፊነት ለተረከባችሁ፣ በተለይም «ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል» የሚለውን ቃል ከቀድሞው ባለሙያ ተቀብላችሁ ሥራውን ለቀጠላችሁ ባለሙያዎች ነው። እኛም ዘንድ ባክአፕ፣ ማለትም የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ፣ በየሌሊቱ ይወሰድ ነበር፤ ሪስቶር፣ ማለትም ከቅጂው መልሶ መጫን፣ ግን ተሞክሮ አያውቅም ነበር። ፋይሉ ማለዳ ማለዳ በቦታው ይገኛል፤ ስሙ ላይ ያለው ቀን ትክክል ነው፤ መጠኑም ካለፈው ቀን ብዙ አይለይም። ችግር በደረሰብን ቀን ከፍተን ስናየው ግን ከሠንጠረዦቹ ሲሶ የሚሆኑት አልነበሩበትም። ከዚያ በኋላ ያሳለፍነውን ጭንቀት ሌላ ሰው እንዲያልፍበት አልፈልግም። ስለዚህ ጥቃቅኑን ትቼ ሥርዓታችን የከሸፈባቸውን ቦታዎች፣ ነገሩ የተለወጠበትን ቅጽበትና ዛሬ የምንሠራበትን አካሄድ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

የምንጠቀመው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ነው። ከእኔ በፊት የነበሩ ባለሙያዎች ያዘጋጁት አንድ አጭር ስክሪፕት ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሣው ክሮን አማካይነት ሌሊት እየተነሣ የዳታቤዙን ይዘት የሚያወጣውን ፒጂ-ደምፕ የተባለ ትእዛዝ ያስኬዳል፤ የሚወጣውን ጽሑፍ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው መስመር) ጂዚፕ ወደተባለው መጨመቂያ ያስተላልፋል፤ የተጨመቀውን ፋይል ሌላ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ፋይል ደግሞ ይሰርዛል። ከዚህም ሌላ በዋናው ሰርቨር ላይ የሚደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ወዲያውኑ የሚቀበል ሬፕሊካ ነበረን፤ ዲስኮቹም በሬይድ የተያያዙ ነበሩ። ሰነዱን ላነበበ ሰው ሦስት መከላከያ ያለን ይመስለዋል። ነገር ግን ሬይድ የሚጠብቀው ከዲስክ መበላሸት ነው፤ ሬፕሊካ የሚጠብቀው ከሰርቨር መውደቅ ነው። ሰው ተሳስቶ የሰጠውን የመሰረዝ ትእዛዝ ግን ሁለቱም ሳያመነቱ ይፈጽሙታል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የቀረን መከላከያ የሌሊቱ ፋይል ብቻ ነበር።

የደረሰብንም ይኸው ነው። ለሙከራ ሰርቨር የተዘጋጀ የማጽጃ ስክሪፕት በዋናው ዳታቤዝ ላይ ተካሄደ። ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተከፍተው ነበር፤ ቀለማቸውም ሆነ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚታየው ስም አንዱን ከሌላው አይለይም። ስክሪፕቱ ከደንበኞች መዝገብና ከክፍያዎች መዝገብ እጅግ ብዙ ረድፎችን ሰርዞ ኮሚት አደረገ፤ ማለትም ስረዛውን አጸናው። የደንበኞች አገልግሎት ክፍል «ስማቸው የለም» እያለ መደወል ሲጀምር ወዲያው ወደ ሬፕሊካው ሄድን፤ እዚያም ረድፎቹ አልነበሩም። ስክሪፕቱን ያስኬደው ባልደረባችን ጠንቃቃ ሰው ነው። ጥፋቱ ያለው የሙከራውንና የዋናውን ሰርቨር የይለፍ ቃል በአንድ ኮምፒውተር ላይ ባኖረውና ሁለቱን መስኮቶች በአንድ መልክ ባሳየው አደረጃጀት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ የዋናው ሰርቨር መስኮት ቀይ ነው፤ የዕለት ተዕለት ሥራም የሚከናወነው መሰረዝ በማይፈቀድለት የተጠቃሚ ስም ነው።

የመጀመሪያው ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ብዙው ነገር የሚድነውም የሚጠፋውም በዚያ ሰዓት ነው። ሁላችንም ያሰብነው ስለ ባክአፑ ፋይል ነበር፤ አፕሊኬሽኑን ያቆመ ሰው ግን አልነበረም። ተጠቃሚዎች መሥራታቸውን ቀጠሉ፤ በጎደለው መዝገብ ላይ አዳዲስ ረድፎች ተመዘገቡ፤ ይህም በኋላ አሮጌውንና አዲሱን ማዋሐድን እጅግ አከበደው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌላው ነው። ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲሰረዝ ወዲያው ከዲስክ አያጠፋውም፤ «ከእንግዲህ አይታይም» የሚል ምልክት ያደርግበትና ቦታው በቫክዩም ሥራ እስኪጸዳ ድረስ እዚያው ይተወዋል። በዚህ የጊዜ ክፍተት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ጽዳት በራሱ የሚያስጀምረውን አውቶቫክዩምን አጥፍቶ፣ ዳታቤዙን በሥርዓት አቁሞ፣ የዳታ ማውጫውን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጠ፣ የተሰረዙትን ረድፎች ፒጂ-ደርቲሪድን በመሰሉ ተጨማሪ መሣሪያዎች የማንበብ ዕድል ይኖረዋል። ይህ አሳብ ለአንዳችን እስኪመጣልን ድረስ አውቶቫክዩም ሠንጠረዦቹን አልፎባቸው ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰባችሁ አስቀድማችሁ ጽሕፈትን አቁሙ፤ ቀጥላችሁ የተጎዳውን ዳታቤዝ ራሱን እንዳለ ገልብጡ፤ ባክአፑን የምትፈልጉት ከዚያ በኋላ ነው። የተጎዳው ዳታቤዝ ምንም ቢጎዳ፣ በዚያች ሰዓት ከማንኛውም ፋይል የበለጠ መረጃ የያዘ እሱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው አሳብ የሌሊቱን ፋይል በቀጥታ በዋናው ዳታቤዝ ላይ መጫን ነበር። ትእዛዙ ተጽፎ ሊላክ ሲል አንድ አንጋፋ ባልደረባችን እጁን አንሥቶ «ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይታችኋል?» አለን። ማናችንም አላየንም ነበር። ያ ጥያቄ አዳነን። የመጫኑ ትእዛዝ ነባሮቹን ሠንጠረዦች አስቀድሞ እንዲጥል ተደርጎ ነበር የተጻፈው፤ ብንልከው ኖሮ ፋይሉ ውስጥ የሌሉትን ጨምሮ በዕለቱ የገባውን ሁሉ በገዛ እጃችን አጥፍተን፣ ከዚያ በኋላ ነበር ፋይሉ ጎደሎ መሆኑን የምናውቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማይጣስ ደንብ አለን፤ ሪስቶር ሁልጊዜ የሚደረገው በሌላ ሰርቨር ላይ፣ በሌላ ስም፣ በባዶ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ወደ ዋናው የሚገባው ከዚያ ተመርጦና ተመርምሮ ነው። ይህ ተጨማሪ ሰርቨርና ተጨማሪ የዲስክ ቦታ ይጠይቃል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። እኛ በቂ ባዶ ዲስክ ያለው ማሽን ፍለጋ ብቻ ብዙ ጊዜ አጥፍተናል።

ባዶ ሰርቨር ተገኝቶ ፋይሉን መጫን ስንጀምር ስክሪኑ በስህተት መልእክቶች ተሞላ። በመጀመሪያ የዳታቤዝ ተጠቃሚዎቹ አልነበሩም። ፒጂ-ደምፕ የሚወስደው አንዱን ዳታቤዝ ብቻ ሲሆን፣ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎቻቸው የመላው ሰርቨር ስለሆኑ በፋይሉ ውስጥ አይገቡም፤ እነሱን ለብቻ የሚያወጣው ፒጂ-ደምፕ-ኦል የተባለው ትእዛዝ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ያልጠበቅነው ነበር። የደንበኞች ሠንጠረዥ ባዶ ሆኖ ተገኘ። መልእክቶቹን ወደ ላይ መልሰን ስናነብ «እሴቱ ለዓምዱ ከተፈቀደው ርዝመት በላይ ነው» የሚል አገኘን፤ የተጠቀሰው ረድፍ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ተራ የሰው ስም ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደብን። አዲሱ ሰርቨር የቋንቋ ቅንብር ሳይሰጠው ስለተነሣ፣ ዳታቤዙ የተፈጠረው በዩቲኤፍ-8 ሳይሆን ኤስኪውኤል-አስኪ በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደላት በባይት በሚጻፉበት ደንብ) ነበር። በዚህ ኢንኮዲንግ ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ 30 ፊደል እንዲይዝ በተወሰነ ዓምድ ላይ 12 ፊደል ያለው ስም 36 ባይት ሆኖ ተቆጠረና ተመለሰ። ጭነቱ የሚካሄደው ኮፒ በተባለው ትእዛዝ ስለሆነም አንዲት ረድፍ ስትመለስ የዚያ ሠንጠረዥ ጭነት በሙሉ ይሰረዛል። ፋይሉን የሚያስኬደው ፒኤስኪውኤል ግን ስህተት አገኘሁ ብሎ አይቆምም፤ ወደሚቀጥለው ሠንጠረዥ ያልፋል።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዳታቤዙን ስትፈጥሩ ኢንኮዲንጉንና የቋንቋ ቅንብሩን በግልጽ ጻፉ፤ ሰርቨሩ እንዲገምትላችሁ አትተዉት። ስትጭኑም ኦን-ኤረር-ስቶፕ የተባለውን አማራጭ አብሩ፤ ይህም በመጀመሪያው ስህተት ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። ከሺህ መልእክቶች መካከል አንዷን ጠቃሚ መልእክት በዓይን መፈለግ ለደከመ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም።

ኢንኮዲንጉን አስተካክለን እንደገና ስንጭን የደንበኞች መዝገብ ተመለሰ። የክፍያዎች መዝገብ ግን ባዶ እንደሆነ ቀረ፤ በዚህ ጊዜ የስህተት መልእክት እንኳ አልነበረም። በመጨረሻ ፋይሉን ዘርግተን መጨረሻውን አየን። ደህና የተጠናቀቀ የፒጂ-ደምፕ ጽሑፋዊ ፋይል ግርጌው ላይ «የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ደምፕ ተጠናቋል» የሚል ትርጉም ያለው የአስተያየት መስመር አለው። የእኛ ፋይል በአንድ ሠንጠረዥ መካከል ተቆርጦ ነበር። የቀደመውን ሌሊት፣ ከዚያም በፊት ያለውን ከፈትን፤ ሁሉም የተቆረጡት እዚያው ቦታ ላይ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ማንም የማያነበው አንድ አሮጌ ሠንጠረዥ ከተቀመጠበት የዲስክ ክፍል ጥቂቱ ተበላሽቶ ነበር። አፕሊኬሽኑ ስለማይነካው ችግሩ አልታየም፤ ሁሉንም ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው ፒጂ-ደምፕ ግን በየሌሊቱ እዚያ ሲደርስ በስህተት ይወጣል። የሠንጠረዦቹ ይዘት የሚጻፈው በአብዛኛው በስማቸው የፊደል ተራ ስለሆነ ከዚያ በፊት ያሉት ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት፣ የክፍያዎቹን ጨምሮ፣ ይቀራሉ። ከሁሉ መጨረሻ የሚጻፉት ኢንዴክሶች (ፍለጋን የሚያፈጥኑ ማውጫዎች) እና ቁልፎችም አብረው ይቀራሉ። ትልቁ ሠንጠረዣችን በተራው ቀደም ብሎ ስለሚመጣ የፋይሉ መጠን የሚያስደነግጥ ቅናሽ አላሳየም። ስክሪፕቱ ደግሞ ስህተቱን ሊያውቅ አልቻለም፤ በፓይፕ የተያያዙ ትእዛዞች ሲካሄዱ ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል የሚመልሰው የመጨረሻውን ትእዛዝ ውጤት ነው፤ መጨረሻው ጂዚፕ ነው፤ ጂዚፕም የተሰጠውን ጽሑፍ፣ ጎደሎም ቢሆን፣ በሚገባ ጨምቆ «ተሳክቷል» ብሎ ይወጣል። የፒጂ-ደምፕ የስህተት መልእክት በክሮን በኩል ይላክ የነበረው ማንም ወደማይከፍተው የሰርቨሩ የውስጥ ፖስታ ሳጥን ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈውን ፋይል የሚሰርዘው መስመር ግን ሥራውን አላቋረጠም፤ የመጨረሻውን ደህና ፋይል በጊዜው ሰርዞታል።

የክፍያዎቹን መዝገብ መልሰን የሠራነው ከተለያየ ቦታ ለቃቅመን ነው። ሰርቨር ስንቀይር አንድ ባልደረባ በውጭ ዲስክ ላይ አስቀምጦት የነበረ የቆየ ሙሉ ቅጂ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሒሳብ ክፍል በየቀኑ ወደ ኤክሴል ከሚያወጣው ሪፖርት ላይ ሞላን፤ የቀረውን ደግሞ ከወረቀት ደረሰኝ እያነበብን በእጅ አስገባን። መልሰን ያላገኘነው አለ፤ ከየትኛው ደንበኛ ምን እንደጎደለ እንኳ በእርግጠኝነት መናገር ያልቻልንበት ጊዜ ነበር። ለሥራው ለሚጨነቅ ሰው ከዚህ የሚከብድ ነገር የለም።

ሥርዓቱን እንደ አዲስ ስንገነባ የጀመርነው ከመሣሪያ ምርጫ አልነበረም። ወደ ኃላፊዎቹ ሄደን ሁለት ነገር ጠየቅናቸው፤ «ስንት ሰዓት ያህል የገባ መረጃ ቢጠፋ ልትታገሡ ትችላላችሁ? ሥራውስ ስንት ሰዓት ቢቆም ትችሉታላችሁ?» ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ያቀረበላቸው ሰው አልነበረም። የሌሊት ባክአፕ ብቻ ያለው ድርጅት ለመጀመሪያው ጥያቄ «እስከ 24 ሰዓት» ብሎ ሳያውቀው መልሷል። የእኛ ኃላፊዎች መልስ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ገንዘብና ማሽን ለመጠየቅ በር የከፈተልንም እሱ ነው። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቴክኒካዊ ውሳኔ ሁሉ ከእሱ ይመነጫል።

የሌሊቱን ደምፕ አልተውነውም፤ አሠራሩን ግን ለወጥነው። ፒጂ-ደምፕ ከስተም በተባለው ፎርማት ራሱ እየጨመቀ ስለሚጽፍ ፓይፑ አላስፈለገም፤ ፓይፕ በሚያስፈልግባቸው ሌሎች ስክሪፕቶች ውስጥ ደግሞ ፓይፕፌይል የተባለውን የባሽ ቅንብር አስገብተናል፤ ይህ ቅንብር ከትእዛዞቹ አንዱ ቢወድቅ ሁሉም እንደወደቀ እንዲቆጠር ያደርጋል። ፋይሉ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያገኘው ፒጂ-ሪስቶር እስከ መጨረሻው ካነበበው በኋላ ነው። የይዘት ዝርዝሩን ብቻ ማየት በቂ እንዳይመስላችሁ፤ ዝርዝሩ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ከኋላ የተቆረጠ ፋይልም ሙሉ ዝርዝር ሊያሳያችሁ ይችላል። አሮጌ ፋይሎችን የሚሰርዘው መስመር አዲስ የተረጋገጠ ፋይል ከሌለ አይሠራም፤ ከዕለታዊዎቹ በተጨማሪም የየሳምንቱና የየወሩ ቅጂ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያውንም ገለበጥነው። ቀድሞ ስህተት ሲኖር መልእክት እንዲመጣ ነበር የምንጠብቀው፤ አሁን ባክአፑ ሲሳካ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ በሰዓቱ ካልደረሰ ሌላ ማሽን ስልካችን ላይ ይደውላል። ሰርቨሩ ከነስክሪፕቱ ቢሞት እንኳ ዝምታው ራሱ ማስጠንቀቂያ ይሆናል ማለት ነው። በዲስክ ላይ የተበላሸ መረጃን የሚያሳውቀውን የገጽ ቼክሰምንም አብርተናል፤ ከ2025ቱ (እ.ኤ.አ.) የፖስትግሬስ 18 ጀምሮ አዲስ ሲጫን በነባሪ የሚበራ ሲሆን በቀደሙት ላይ ግን ራሳችሁ ማብራት አለባችሁ።

ማይኤስኪውኤል የተባለውን ሌላ ዳታቤዝ ለምትጠቀሙ፣ ማይኤስኪውኤል-ደምፕን ያለ ሲንግል-ትራንዛክሽን አማራጭ አታስኪዱት፤ ይህ አማራጭ ሠንጠረዦቹን ሳይቆልፍ የአንድን ቅጽበት ወጥ ምስል የሚሰጣችሁም ኢኖዲቢ በተባለው የማከማቻ ዓይነት ለተያዙት ሠንጠረዦች ብቻ ነው። የተከማቹ ፕሮሲጀሮችና ኢቨንቶች በነባሪ እንደማይካተቱም አትርሱ። ዳታቤዙን በአንድ ፋይል የሚይዘውን ኤስኪውላይትን የምትጠቀሙም ፋይሉን በሥራ ላይ እያለ በተራ ኮፒ አትገልብጡት፤ የራሱን የባክአፕ ትእዛዝ ተጠቀሙ።

ትልቁ ለውጥ ግን ወደ ተፈለገው ደቂቃ መመለስ መቻላችን ነው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ በዳታ ፋይሎቹ ላይ ከማስፈሩ በፊት ዋል በተባለ መዝገብ ውስጥ ይጽፈዋል፤ መዝገቡም በነባሪ 16 ሜጋባይት በሆኑ ፋይሎች ይከፋፈላል። የመላውን ሰርቨር መነሻ ቅጂ በየጊዜው ወስዳችሁ ከዚያ ወዲህ ያሉትን የዋል ፋይሎች ሳታቋርጡ ሌላ ቦታ ካስቀመጣችሁ፣ ዳታቤዙን ከመነሻው ጀምሮ ለውጥ በለውጥ እያስኬዳችሁ ጉዳቱ ከመድረሱ አንድ ደቂቃ በፊት ላይ ማቆም ትችላላችሁ። በዚያ ክፉ ቀን ይህ ቢኖረን ኖሮ የተሰረዙትን ረድፎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መልሰን እናገኝ ነበር። ማይኤስኪውኤልም ለውጦችን በሚመዘግብበት ባይነሪ ሎጉ አማካይነት ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ስክሪፕቱን ራሳችሁ ለመጻፍ አትሞክሩ የሚለው የግል ምክሬ ነው፤ ፒጂባክሬስትን፣ ባርማንን ወይም ዋል-ጂን የመሰሉ በብዙ ሰው እጅ የተፈተኑ መሣሪያዎች አሉ። የዋል ፋይሎቹ መላካቸውን ግን በየጊዜው ተከታተሉ። መላክ ሲያቅተው ፖስትግሬስ ፋይሎቹን እያጠራቀመ ይቆያል፤ ዲስኩ ሲሞላም ዳታቤዙ ይቆማል። የላኪው ትእዛዝ «ተሳክቷል» ማለት ያለበት ፋይሉ በሌላኛው ቦታ በእርግጥ ዲስክ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው።

ቅጂዎቹ የት እንደሚቀመጡም ብዙ አከራክሮናል። በመጨረሻ የተስማማነው በታወቀው ደንብ ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ በሌላ ቦታ። መጋቢት 10 ቀን 2021 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በስትራስቡርግ ኦቪኤች የተባለው የሰርቨር አከራይ ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ ባክአፓቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጥተዋል። እሳት ብቻ አይደለም የሚያሰጋው። ሰርቨሩን የሰበረ ሰው ባክአፑንም መሰረዝ ከቻለ ቅጂው እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ዋናው ሰርቨር ያለው የይለፍ ቃል ወደ ማከማቻው አዲስ ፋይል ማስገባት ብቻ እንጂ መሰረዝም ሆነ መለወጥ አይፈቅድለትም። ፋይሎቹ የተመሠጠሩ ናቸው፤ መፍቻ ቁልፉ ግን ከዳታቤዙም ከባክአፑም ተለይቶ በሁለት ቦታ ይቀመጣል። ቁልፉ የተቀመጠው በራሱ በተመሠጠረው ቅጂ ውስጥ ብቻ የሆነበት ሥርዓት በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ ግን ካልተፈተነ ተመልሶ እንደ ቀድሞው ይሆናል። በዚህ ረገድ የሶፍትዌር ኮድ ማከማቻ አገልግሎት የሚሰጠው ጊትላብ በጥር 31 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ.) የደረሰበትን ሳይደብቅ ለሕዝብ መጻፉን አመሰግነዋለሁ። አንድ መሐንዲስ ሬፕሊካውን ሊያስተካክል ሲል የዋናውን ሰርቨር የዳታ ማውጫ ሰረዘ፤ ወደ ባክአፑ ሲሄዱ ፒጂ-ደምፕ ከዳታቤዙ በቆየ ሥሪት ስለተካሄደ ለረጅም ጊዜ ሲወድቅ እንደኖረ አወቁ፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም በተቀባዩ የፖስታ ሰርቨር እየተመለሱ ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ የዲስክ ስናፕሾት (የቅጽበት ቅጂ) ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ተቋም በዚህ መንገድ ከወደቀ፣ ማናችንም ቢሆን ሳንሞክር ልንተማመን አንችልም።

እኛ ዘንድ አሁን በየሳምንቱ አንድ ማሽን ከባዶ ተነሥቶ የቅርቡን ባክአፕ ያለ ሰው እጅ ይጭናል። ከዚያም ይጠየቃል፤ በዋና ዋናዎቹ ሠንጠረዦች ውስጥ ስንት ረድፍ አለ? የመጨረሻው ክፍያ የተመዘገበው መቼ ነው? የባለፈው ወር የክፍያ ድምር ከሒሳብ ክፍል ቁጥር ጋር ይገጥማል? የግዕዝ ስሞች በትክክል ይነበባሉ? ኢንዴክሶቹና ቁልፎቹ አሉ? ጭነቱ የወሰደው ጊዜም ይመዘገባል። ደምፕ ሲጫን ኢንዴክሶቹ እንደ አዲስ ስለሚሠሩ መመለሱ ከመውሰዱ እጅግ ሊረዝም ይችላል፤ ዳታው ሲያድግ ይህ ጊዜ ለኃላፊዎቹ ከገባንላቸው ሰዓት አልፎ እንዳይሄድ የምናውቀው በዚህ ነው። በአንዱ ፈተና ላይ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሥሪት በዋናው ሰርቨር ላይ ካለው የተለየ ነበር፤ የሰርቨሩ ሙሉ ቅጂ ያለ አንድ ስህተት ተነሣ፤ በስም የተደረጉ አንዳንድ ፍለጋዎች ግን ያሉትን ረድፎች «የሉም» አሉ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ጂሊብሲ 2.28፣ የሊነክስ መሠረታዊ ላይብረሪ፣ የጽሑፍ ቅደም ተከተል ደንቦችን ስለለወጠ፣ በአሮጌው ደንብ የተደረደረ ኢንዴክስ በአዲሱ ሲነበብ ይስታል። እንዲህ ያለ ሽግግር ካለባችሁ የጽሑፍ ኢንዴክሶችን በሙሉ እንደ አዲስ ሥሩ፤ ወይም በደምፕ ተሻገሩ፤ ደምፕ ኢንዴክሱን ራሱ ስለሚሠራ ይህ ችግር አይገጥመውም።

ከማሽኑ ፈተና በተጨማሪ በየሩብ ዓመቱ አንድ ሰው ሙሉውን ሥራ በእጁ ያከናውናል። የሚመረጠው ሥራውን በደንብ የሚያውቀው ሳይሆን ብዙም የማያውቀው ነው፤ የሚሰጠውም የተጻፈው መመሪያ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን አጠገቡ ተቀምጠን ዝም እንላለን። መመሪያው በወረቀት ታትሟል፤ የውስጥ ሰነዶቻችን የሚኖሩት በዚያው በሚወድቀው ዳታቤዝ ላይ ስለነበር ነው። በመጨረሻው ልምምድ አንዲት አዲስ ባልደረባችን ሁለት ቦታ ላይ ቆማ ጠየቀች፤ መነሻ ቅጂው የሚዘረጋበት ዲስክ ምን ያህል ባዶ ቦታ እንደሚያስፈልገውና መፍቻ ቁልፉን የያዙት ሁለቱ ሰዎች በሌሉበት ቀን ለማን እንደሚደወል መመሪያው አይናገርም ነበር። ሁለቱንም በዚያው ቀን ጨምረናቸዋል፤ የሚቀጥለውን ልምምድ የምታደርገውም የሒሳብ ክፍሉን ሪፖርት የምታዘጋጀው ባልደረባችን ናት።